ባንዲራ ያዡ ሰይድና የሠራነው ራዲዮ

ይህ የደረሰብኝ በስልሳዎቹ፣ ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከሎጊያ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ወደ ታች በነበረ አንድ የጥጥ እርሻ ውስጥ ነው። ዛሬ ሰመራ የተቆረቆረችበት ሜዳ ያኔ ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብል እንጀራዬ አያስረሳኝም፤ ዕድሜ ልኬን የበላሁት በዚያ ሰሞን ካገኘሁት ሥራ ነው።

እኔ ከመንዝ የወረድኩ፣ ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ የጥጥ መዛኝ ነበርኩ። አብሮኝ በቆርቆሮ ክፍል የሚኖረው ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፣ የቃሉ ሰው። ሥራው ባንዲራ መያዝ ነበር። ማለዳ ማለዳ የተባይ መርዝ የምትረጭ አውሮፕላን ትመጣለች። አብራሪው መስመሩን እንዳይስት ሰይድና ባልደረቦቹ ነጭ ጨርቅ እንጨት ላይ አስረው ማሳው ጫፍ ላይ ይቆማሉ። አውሮፕላኗ በላያቸው እየረጨች ታልፋለች፤ ጥጡም እነሱም እኩል ይርሳሉ። ከዚያ በሽርጣቸው ፊታቸውን ይጠርጉና ወደሚቀጥለው መስመር ይሄዳሉ። አለቆቹ «መድኃኒት» ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው። መድኃኒት ሰው ይገድላል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሰይድ ደሴ ሳለ ለአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ተላላኪ ነበር። ሲለያዩ ሰውየው ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስለ ራዲዮ አሠራር የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጥቶታል። ሰይድ እንግሊዝኛ አያነብም፤ እኔ ደግሞ የመበየጃ ካውያ ጨብጬ አላውቅም። ስለዚህ ከሥራ ስንመለስ እኔ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ እሱ ራዲዮ ይሠራል። ያልገባኝን ገጽ ስዘለው ያውቅብኛል። «አንተ፣ ዘለልክ አይደል? ተመለስ!» ይለኛል።

ትልቁ ችግራችን ዕቃ ነበር። ሎጊያ የሚሸጠው የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ለብየዳ የሚቀልጠውን ስታኞ እዚያው ካሉ ጋራዦች ለመንን። የመዳብ ሽቦውን ከተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር ፈታን። አንድ የአፋር ጎረምሳ ከአፋምቦ ውኃ የገባበት ራዲዮ ይዞ መጥቶ በስኳር ለወጠልን። ጥጥ ወደ አሰብ የሚጭነው ሾፌር ጋሽ በቀለ ደግሞ ኮንደንሰርና ሌላውን ጥቃቅን የራዲዮ ዕቃ እየፈለገ ያመጣልን ነበር። «እናንተ ልጆች፣ በስንት ጭነት ነው ይሄ ራዲዮ የሚያልቀው?» ይለናል። ሠራተኛው ሁሉ ይስቅብናል። ከክፍላችን ደጃፍ ሲያልፉ «ላም አለኝ በሰማይ!» ብለው ይጮኻሉ።

መጀመሪያ ላይ ለእኛም ጨዋታ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ከአዲስ አበባ ጋር በራዲዮ የሚነጋገረው የእርሻው ሠራተኛ ወባ አሰቃይቶት ወደ ደጋ ሲመለስ ነው። ፈረንጁ መሐንዲስ «ራዲዮ የሚያውቅ ካለ በእጁ የሠራውን ያሳየኝ፣ ቦታው የእሱ ነው» አለ። ሰይድ ወሬውን ሲሰማ ከአልጋው ብድግ አለ። «ከዚህ ባንዲራ የሚያወጣኝ ይሄ ነው፣ ኢንሻአላህ» አለኝ።

መውጣትም ነበረበት። ላቡ ያለ ነገር ይንቆረቆራል፣ ምራቁ ይሞላበታል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል። ሬዚስተር በሚባሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ላይ ያሉትን የቀለም መስመሮች ድሮ ከሩቅ የሚለይ ሰው «ቀዩ የቱ ነው?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። የክሊኒኩ ድሬሰር ለሁሉም ነገር አንድ መልስ ነው ያለው፤ «ወባ ነው» ብሎ ክኒን ሰጠው። እኔ ግን የሚብስበት እርጭት በዋለበት ቀን መሆኑን ልብ ማለት ጀመርኩ።

ቀስ በቀስ እጁ መንቀጥቀጥ ያዘው። አንድ ቀን ሲበይድ ስታኞው ፈሶ ያለ እሱ ራዲዮው የማይሠራውን፣ ያለንን ብቸኛ ደህና ትራንዚስተር አቃጠለብን። ሰይድ ካውያውን አስቀምጦ ወጣ።

ጋሽ በቀለ ትራንዚስተሩን አሰብ ፈልጎ አጣ። እኔ ለፋሲካ እረፍት ሳገኝ ቤተሰቦቼ ዘንድ መሄዱን ትቼ በጭነት መኪና እስከ አዋሽ ከተማ ሄድኩ። እዚያ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ገበያ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ አሮጌ ራዲዮ ዘርግተው አገኘሁ። ይሠራል አይሠራም የሚያውቅ የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ገዛሁት። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ይዤው ነው የመጣሁት።

ሰይድ ትራንዚስተሩን ነቅሎ ወደኛው ተከለው። ቀኝ እጁን በግራው አጥብቆ ይዞ ነው የበየደው። ጣቱ ሲቃጠል እንኳ አልለቀቀም። ባትሪውን ስናገናኘው ሲሽ ሲሽ አለ፣ ከዚያ አማርኛ ተሰማ፣ ከዚያ ዘፈን። ሲስቁብን የነበሩት ደጃፋችንን ሞሉት። ሰይድ ግን ግድግዳውን ተደግፎ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አላየሁም።

በማግሥቱ መሐንዲሱ ቢሮ ገባን። ሰይድ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ራዲዮው ሲዘፍን መሐንዲሱ ፈገግ አለ። ከዚያ ፒንሳ አንሥቶ አንዷን ሽቦ ቆረጠና፣ «አሁን እኔ እያየሁ ቀጥለው» ብሎ ካውያ አቀበለው።

ሰይድ ካውያውን ጨበጠ። እጁ ተንቀጠቀጠ። በግራው ሊደግፈው ሞከረ፣ ግራውም ተንቀጠቀጠ። ስታኞው ከሽቦዋ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ደግሞ ሞከረ። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣበቀ።

መሐንዲሱ አጠገቡ ወደ ተቀመጠው የቢሮው ጸሐፊ ዞሮ «ሰውየው ይጠጣል እንዴ?» አለ።

እኔ እንግሊዝኛውን ሰምቻለሁ። መጠጥ በከንፈሩ ያልነካውን ሰው! «መርዙ ነው! በየቀኑ በላዩ እየረጫችሁበት!» አልኩ። መሐንዲሱ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ካውያውን ከሰይድ ተቀበለና ለእኔ ዘረጋው።

አልተቀበልኩም። ሰይድን አየሁት። ያሰብኩት ቁጣ ፊቱ ላይ አልነበረም። «ያዘው እንጂ ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሁለታችንም እዚህ እንቅር?»

ሰይድ ሲሠራ እያየሁ እንደለመድኩት አድርጌ ሽቦዋን በየድኩ። ራዲዮው ዘፈነ። ቦታውን ሰጡኝ። «እሱንስ ከባንዲራው አውጡልኝ» ብዬ ለመንኩ። «የማሳው አለቃ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ወደ ማሳው አለቃ ሄድኩ፤ «እርጭቱን እስክንጨርስ ታገሥ፣ የጥጡ ትል በዝቷል» ብሎ መለሰኝ። ሰይድ ያን ቀን መጽሐፉን አልጋዬ ላይ አኖረው። «አንባቢው አንተ ነህ» አለ።

የራዲዮ ክፍሉን ሥራ ገና በቅጡ ሳልለምደው አንድ ረፋድ ላይ ጸሐፊው ገባና አጠገቤ ቆመ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። «ሰይድ ማሳው ላይ ወደቀ» አለኝ፣ «ክሊኒክም አልደረሰ። አረፋ ደፍቆ ነው... አላህ ይማረው»። ቆይቶ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። «ይሄን አሁኑኑ አስተላልፍ ብለውሃል» አለ።

ወረቀቱ አጭር ነበር። አንድ ባንዲራ ያዥ ሞቷል፣ እርጭቱ እንዳይቋረጥ ምትክ ይላክ ይላል። በራዲዮው ለአዲስ አበባ አነበብኩት። ጨርሼ «ስሙ ሰይድ ነው» አልኩ፣ ወረቀቱ ላይ ስሙ አልነበረምና።

«ስም አያስፈልግም» አለኝ ከአዲስ አበባ የሚሰማው ድምፅ። «ስንት ሰው ይላክ?»

«አንድ» አልኩ።

ጀናዛውን የወሎ ልጆችና አፋሮቹ ወንዙ ዳር ቀበሩት። እኔ ከራዲዮው ተነሥቼ የደረስኩት አፈር ሲመለስበት ነው።

ዛሬ ሸምግያለሁ። ሥራውን በመቀበሌ አልጸጸትም፤ ራሱ ነው ያዘው ያለኝ። ስለ እሱ ሳስብ አለቅሳለሁ፣ ለቅሶው ግን ያልፍልኛል። የማያልፍልኝ ሌላ ነው። በሳምንቱ ከጭነት መኪና ላይ አንድ ሰው ወረደ፤ ከደጋ ገና የመጣ፣ ጤነኛ፣ ሳቂታ ሰው። ነጩን ጨርቅ ሰጡትና ማሳው ጫፍ ላይ ቆመ። የጠራሁት እኔ ነኝ።