ፀሐይ በቀኝ ጉንጯ ነበረች

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ አላህ ይዘንላትና ሳትሰማው ሄደች። ለልጆቼም አልነገርኩም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ስበላ፣ ሰው ሳስታርቅ፣ ለቅሶ ስደርስ፣ አንዲት ቀን እንኳ ከጥርሴ አላለፈም። ባለፈው ሰኞ አንድ ሰው ሰማው። ቀጥሎ የምትሰማው አንተ ነህ፣ ይህ ወረቀት የደረሰህ።

በእኛ ዘንድ ኃጢአት የሚነገርለት የነፍስ አባት የለም። ተውበት በባሪያውና በጌታው መካከል ነው። የሰው ሐቅ ግን ሌላ ነው። ባለ ሐቁ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለህ ከላይም አይታለፍልህም ብለው ነው አባቶቻችን ያሳደጉን። እኔ የበላሁት የሰው ሐቅ ነው፤ ስለዚህ ሰው ይስማው። በአፌ ብቻ ብናገረው እንደማሳምረው አውቃለሁ። የወለቀ ክንድ ስመልስ በሽተኛውን በወሬ የማዘናጋ ሰው ነኝ፤ ምላሴን አላምነውም። ፊደሌ ግን የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፤ ለማሳመር አይበቃም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

ሰይድ እባላለሁ፤ የከሚሴ ወጌሻ ነኝ። ወለምታው፣ ውልቃቱ፣ ስብራቱ፣ ከጨፋ ሮቢትም ከሰንበቴም ወደ እኔ ነው የሚመጣ። ሥራውን ከአባቴ ነው ያየሁት። በእጄ እኮራለሁ። ዛሬም እኮራለሁ፤ ኑዛዜ ላይ ነኝ ብዬ እጄን አላንኳስስም። ጥፋቱ የእጄ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ዘሀራ ታናሽ እህቴ ናት። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ዛሬ የምተኛበት ቤት ቆርቆሮው በእሷ ጉልበት የመጣ ነው። ስትመለስ ወገቧ አልቆ ነበር፤ የምታገለግላት አሮጊት ከአልጋ የማትነሣ ስለነበረች፣ እሷን ስታነሣ ስታስተኛ ነው የተጎዳችው። በግቢዬ አንድ ክፍል ሰጠኋት፤ ወገቧንም ያዝኩ። ሁለት ወር በቅቤ አሸሁ፤ ምንም። አንድ ቀን ነጠላዋን እየሰበሰበች፣ «አያ፣ እጅህ ይባረክ፤ ይሄ ወገብ ግን ዓረብ አገር ነው የተሰበረ፣ ያንተን ቋንቋ አይሰማም» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን ቋጠርኩባት።

ለካ እዚያ የተማረችው ነገር ነበራት። ለቤቱ እመቤት የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራ ሴት ትመጣ ኖሯል፤ የዘሀራን ወገብ አይታ ለእሷም አሳየቻት። ዘሀራ ጠዋት ሱብሒ ከሰገደች በኋላ ጓሮ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ሰሌን ታነጥፋለች። መጀመሪያ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጥና ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች፤ በዝግታ፣ ለአንድ ትንፋሽ አንድ የሙሰበሓ፣ የመቁጠሪያ ፍሬ። ቀጥላ ተነሥታ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ጎንበስ ብላ መሬት ትነካለች፣ እንደ ድመት ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ ትለጠጣለች። መጨረሻ ላይ ተመልሳ ቁጭ ትልና ሦስት ሹክር ታደርሳለች፤ ለሦስት ነገር ታመሰግናለች። ሦስቱም ትንንሽ ናቸው። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፦ የትናንቱን ሹክር ዛሬ መድገም የለም።

አንድ ቀን ስሙ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አያ፣ ለሰው እንዳትነግርብኝ» አለች። «እዚያ ተሒየተ ሸምስ ነው የሚሉት፣ የፀሐይ ሰላምታ። እኔ ስሙን እዚያው ትቼው ነው የመጣሁ። ይዤ የመጣሁት ወገቤን ነው።»

ተሒያት እኛ ሶላት ላይ ቁጭ ብለን ለአላህ የምንለው ቃል ነው። ያን ቃል ከፀሐይ ጋር ተጣምሮ የሚሰማ ሰው ጸጉሩ ይቆማል። ለዚህ ነው እንዳትነግርብኝ ያለችኝ። ከእኔ ሌላ የነገረችው ለአንድ ሰው፣ ለጎረቤታችን ለሉባባ ብቻ ነበር።

የሉባባ ቀኝ ክንድ ከትከሻዋ በላይ አይነሣም ነበር። አራት ዓመት እኔ ነኝ ሳሽላት የኖርኩት። ከዘሀራ ጋር መቀመጥ ጀመረች። ከዚያ ሌሎች ሴቶች መጡ፤ እንስራ የተሸከመ ወገብ ሁሉ መጣ። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም መጡ፤ እነሱ ሦስቱን በተመስገን ይሉታል፣ የእኛዎቹ በአልሐምዱሊላህ። «ትንፋሽ ሄድን» ይባባሉ ነበር። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ በሽተኞቼ በፊቴ አልፈው ወደ ጓሮዬ ሲገቡ አያለሁ።

አንድ ጠዋት ሉባባ በመንገድ ያዘችኝ። ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ አወጣችና ጣቶቿን አንቀሳቀሰችልኝ።

«እየው ሰይዴ፣ ቆጡ ላይ ደረሰልኝ። ከእንግዲህ ቅቤህን ለወጥህ አድርገው።»

ሳቅሁላት። ማሻአላህ አልኳት። ወደ ቤቴ ስገባ ግን ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር ማሻአላህ አልነበረም። አራት ዓመት ያሸሁት ክንድ ቁጭ ብሎ በመተንፈስ ይነሣል? እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ? የአባቴ እጅ ምን ነበር?

በማግስቱ ማለዳ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ተደበቅሁ። አዎ፣ እኔ ሽበታሙ ሰውዬ የገዛ ጓሮዬን እንደ ሌባ አጮለቅሁ። ዘሀራ ያን ቀን ብቻዋን ነበረች። ፀሐይ ወጣች። አየሁ። ፀሐይ ያረፈችው በቀኝ ጉንጯ ላይ ነው። በእኛ አገር ቂብላ፣ ለሶላት ወደ መካ የምንዞርበት፣ ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ሰሜን የዞረ ሰው ፀሐይ በቀኙ ትወጣለች። ለፀሐይ የሚሰግድ ሰው ፀሐይን በጎኑ ያስቀምጣታል ወይ? ጆሮዬም ሰማ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ወገቤ ሳይቀሰቅሰኝ አነጋሁ። አልሐምዱሊላህ፣ የሉባባ ክንድ ተነሣ። አልሐምዱሊላህ፣ አያ ትናንት ሳቀ።»

ይህን ሰምቼ ነው ያን ያደረግሁት። ሳላውቅ አይደለም። ይኸን ልብ በል።

በዚያው ሰሞን ወሬ ተነሣ። አንዱ በስልኩ ያየውን ይዞ መጣ፤ የባዕድ አምልኮ ነው፣ ሴቶቻችንን ለፀሐይ እያሰገደች ነው አለ። የመስጊዳችን ሼህ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ዓርብ ከሶላት በኋላ እኔን ብቻዬን ወደ ቤታቸው አስጠሩኝ። የስልክ ወሬ እንደማይሰሙ፣ ግቢውም የእኔ እህቲቱም የእኔ ስለሆነች ከእኔ አፍ ብቻ መስማት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ሰይድ፣ ስትቀመጥ ፊቷ ወዴት ነው?»

ወደ ሰሜን ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሼሁ ስልክ ያዡን ገሥጸው ይመልሱት ነበር። ሴቶቹም በማግስቱ ይመጡ ነበር። እኔም ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሲያልፉ አያለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታየኝ።

«ወደ ፀሐይ መውጫ» አልኩ።

ሦስት ቃል ነው። ወደ፣ ፀሐይ፣ መውጫ። እኔ አልኩት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን ያን ቀን ሌላ ሥራ ላይ ነበረ፣ እኔ አልፈለግሁትም። ሼሁ ፊታቸው ሲጠቁር አየሁና በቃኝ አላልኩም። ጨመርኩበት፤ ስሙም ተሒየተ ሸምስ ነው አልኳቸው። አደራ ያለችኝን ቃል አውጥቼ ሰጠሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሼሁ ያን ስም ጠቅሰው በሕዝብ ፊት ተናገሩ። ስሜን አላነሡም፤ «የሚታመን ሰው ነግሮኛል» ነው ያሉት። የሚታመን ሰው! እኔ እፊተኛው ሰልፍ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ፤ ሰው ለእህቱ አፍሮ ነው ብሎ አዘነልኝ። ሴቶቹ ሐሰት ነው፣ ፊታችን ወደ ቂብላ ነበር ቢሉ፣ የሠራችሁትን ልትሸፍኑ ነው ተባሉ። ባሎቻቸው ከለከሏቸው። ከሰንበቴ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው ለዘሀራ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀሩ። ውኃ ስትቀዳ ሰልፉ ይከፈትላታል፤ ከአክብሮት እንዳይመስልህ፣ እንዳትነካቸው ነው።

አንድ ከሰዓት ደጃፌ መጥታ ቆመች። ስሙን የነገረችው ለእኔና ለሉባባ ብቻ መሆኑን፣ የሉባባ ባልም ከሼሁ ቤት እንደማይጠፋ እየቆጠረች ነገረችኝ።

«ሉባባ ናት አይደል፣ አያ?»

እኔ ዝም አልኩ። አይደለችም አላልኩም። ነችም አላልኩም። ግን ዝምታዬ ጣት ነበረው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሉባባ ይጠቁም ነበር። ውሸቴን አንድ አድርገህ እንዳትቆጥረው፤ ይኸም አለበት።

ዘሀራ ያንኑ ወገብ ይዛ ተመልሳ ዓረብ አገር ሄደች። መንገደኛ ሲወጣ አውፍ መባባል ደንባችን ነው። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች፣ ጉልበቴን ሳመች፣ «አያ፣ አስቀይሜህ እንደሆነ አውፍ በለኝ» አለች። እኔም እጄን ራሷ ላይ ጫንኩና «አውፍ ብያለሁ» አልኳት። እኔ! እኔ ለእሷ! ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር። ቆማ ጠበቀች። መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ተራዬን ዋጥኩት።

ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ከሚሴ አልወረደችም፤ ባቲ ከአክስታችን ልጅ ዘንድ ገባች። ሼሁ እኔን እንዳመኑኝ ሞቱ። ነገሩን የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። ይኸን ጊዜ ሰው ይረሳዋል ብለህ ታስባለህ። እኔም ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። እውነቱን ልንገርህ፤ ጸጸት እንቅልፍ ነሣኝ ብል ዋሸሁ። ደህና እተኛ ነበር።

ባለፈው ክረምት የእኔው ወገብ ያዘኝ። ወጌሻ የራሱን ወገብ አያሽም። ጎብጬ ስሄድ ሉባባ አየችኝና ቤቷ አስገባችኝ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት፣ ባሏ ገበያ ሲወጣ እየጠበቀች፣ በሯን ዘግታ ስትቀመጥ ኖራለች። አሁን ባሏም አርጅቶ ክልከላውን ትቶታል። ሰሌን አነጠፈችልኝና ጎንበስ በል አለችኝ። አቃሰትኩ።

«እኔ በእጅህ ሥር ሳቃስት ቻዪው ትለኝ አልነበር? ቻለው» አለችኝ።

ቻልኩት። በየጠዋቱ እቤቴ ያዝኩት። ወገቤ ተፈታ፤ የሚሠራን ነገር አይሠራም አልልም። መተንፈሱም መለጠጡም አልከበደኝም። የከበደኝ ሦስቱ ሹክር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቀላል ነበር፤ ስለ ዓይኔ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቦርከና ውኃ። የትናንቱ አይደገምምና ሰው ሆዬ ቶሎ ያልቅበታል። ወደ ትንንሹ ወረድኩ፤ ስለ ምርኩዜ፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ ጩኸት። አንድ ጠዋት ቀና ስል ቆርቆሮውን አየሁ። ስለ ቆርቆሮው ማመስገን አለብኝ። ቆርቆሮው የማን ነው? ዘለልኩት። በማግስቱም ሌላ አጣሁና ዘለልኩት። ሁለት ሹክር ብቻ እያደረስኩ ሳምንት ቆየሁ። ሦስተኛው ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆመ። አጥንት ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ ያለ ቦታው የገባ አጥንት በራሱ አይመለስም።

ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ባቲ ሄድኩ። ዘሀራ ደጃፏ ላይ የሰሌን ጠርዝ ትሰፋ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ለሼሁ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ስሙንም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሉባባ አይደለችም አልኳት።

መርፌው ቆመ።

«ሉባባ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አምና እዚህ ገበያ መጥታ ነበር። ከሩቅ አይታኝ ዘሀራ፣ አካም ቡልቴ እያለች ሰላም ልትለኝ ሮጠችልኝ። ፊቴን አዞርኩባት።» መርፌውን ሰሌኑ ላይ ሰካችው። «ፊቴን አዞርኩባት፣ አያ።»

ስለ ራሷ ምንም አላለችም። ስለ ቀረው ትዳሯ፣ ስለ ሁለተኛው ስደት፣ አንድ ቃል አልወጣትም። አውፍ በይኝ አላልኳትም። ብጠይቃት ትለኛለች፤ ታላቅ ወንድም ለምኖ አይመለስም። ያን ቀን እኔ ራሷ ላይ እጄን ጭኜ በርካሽ እንደሰጠኋት፣ እሷም ደንቡ አስገድዷት እንድትሰጠኝ አልፈለግሁም። ከፈለገች ራሷ ታምጣው። ካልፈለገች ሐቋ ነው።

እዚያው አደርኩ። ጠዋት ሦስት አራት የሠፈሯ ሴቶች መጡና ሰሌን ተነጠፈ። ለእኔም አንድ ጥግ ሰጠችኝ። ግቢው አዲስ ሆነብኝና እንዳገኘሁ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ መተንፈስ ስጀምር የፀሐይዋ ሙቀት ግንባሬ ላይ መጣ።

«አያ» አለች ከጀርባዬ፣ «ሰሜኑ ወዲህ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዞርኩ። ዕዳዬ የሆነውን ሹክር፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስሟን ጠርቼ አደረስኩ። ስነሣ ምርኩዜን አቀበለችኝ።

ነገ ዓርብ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ሉባባ ቤት እሄዳለሁ። የምትለኝን ትበለኝ፤ ቻለው ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከሶላት በኋላ ደግሞ ሼሁ በተናገሩበት ቦታ ቆሜ ይህን ወረቀት አነባለሁ። ቅናት ነበር፣ ሽማግሌ ነበርኩ፣ እጄን ናቁብኝ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ አንዱም ግን ምክንያት አይሆነኝም። ሼሁ የጠየቁኝ አንዲት ጥያቄ ነበር፤ ዛሬ የሚጠይቀኝ ባይኖርም እመልሳለሁ።

ፊቷ ወደ ሰሜን ነበር። ፀሐይ በቀኝ ጉንጯ ነበረች። እኔ አይቻለሁ።