«አቁም» የማለት ሥራ

አባቴ አንድ ጫማ ለመግዛት ሦስት ቅዳሜ ይፈጅበታል። መሥሪያ ቤት «ይታሰብበት» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለትም ወደው አይደለም፤ ሻይህ በስኳር ነው ወይስ ያለ ስኳር ሲባል እንኳ መልሱ ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስቀመጡት በሁለት ሰከንድ መወሰን የግድ የሆነበት ወንበር ላይ ነው።

ሥራው አዲስ የተሠሩ አውሮፕላኖች በሙከራ ሲበሩ፣ ምድር ላይ ካለው መቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ የክንፉን ንዝረት መከታተል ነው። አብራሪው ፍጥነቱን በእርከን በእርከን ይጨምራል። በየእርከኑ ክንፉ ይንቀጠቀጥና ይረጋጋል፤ ቶሎ ካልተረጋጋ አባቴ «አቁም» ይላል። አቁም ያለ ሰው አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ የክፍሉ ሕግ ነው።

አብራሪው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ይህ አጎቴ ቀልድ አያልቅበትም። አባቴ በአንድ የተበጠሰ የመለኪያ ሽቦ የተነሳ በረራ በከንቱ ካስቆመ ወዲህ፣ አጎቴ በሬዲዮ «የፈራ ይመለስ!» ሳይል ተነስቶ አያውቅም። ክፍሉ ይስቃል፤ አባቴም አብሮ ይስቃል።

አንድ ጠዋት አምስተኛው እርከን ላይ አባቴ «አቁም» አለ። አጎቴ ፍጥነቱን ቀንሶ አረፈ። መካኒኮቹ ክንፉን ሁለት ቀን ፈትሸው አንድም እንከን አጡ። አለቃው ጥፋቱ የመለኪያው ነው የሚል ወረቀት አምጥቶ አባቴን እንዲፈርም ጠየቀው። ከፈረመ አጎቴ ሐሙስ ስድስተኛውን እርከን ይሞክራል። አጎቴ ራሱ ፊቱን አጥቁሮ፣ ፈርምና እንገላገል አለው።

አባቴ ለአንዴ ይታሰብበት አላለም። ክንፉ ሲፈተሽ፣ ክንፉ ውስጥ ያለው የነዳጅ ታንክ ምን ይዞ ነበር ብሎ ጠየቀ። ባዶ ነበር። ነዳጅ የያዘ አውሮፕላን መፈተሻው አዳራሽ፣ ሃንጋር፣ አይገባም፤ ለጥንቃቄ የወጣ ደንብ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። አባቴ በነዳጁ ክብደት ልክ ውሃ አስሞልቶ ክንፉን በማሽን አስነቀነቀው። ማሽኑ ጠፍቶም የክንፉ ጫፍ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ታንኩ ሲከብድ አንዱ ማጠፊያ ይላላ ኖሯል። ስድስተኛው እርከን ላይ ክንፉ ይገነጠል ነበር።

አጎቴ ከሥራ በቀጥታ ቤታችን መጣ። እናቴ ፊት ቆሞ፣ ባልሽ ነፍሴን አተረፋት አላት። አባቴ ግን ቀና ብሎም አላየው።

«አታመስግነኝ» አለ። «አራተኛው እርከን ላይም አይቼው ነበር። ትስቅብኛለህ ብዬ ዝም አልኩ።»

አፈርኩበት። ወዲያው ደግሞ ይህን ባያወራ ማንም እንደማያውቅበት ገባኝና አንጀቴን በላው። አጎቴ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሁለተኛ እኔን እንዳትፈራ፣ ጋሼ።»

ያለቀሰችው እናቴ ናት።