አንካሳዋ ቀበሮ የለችም

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ጉጉት» ይለው ነበር። ስሙ የወጣለት ስለ አንዲት ጉጉት በጻፈው በመጀመሪያው መጽሐፉ ነው፤ እሱም ስድብ አልመሰለውም። ሥራው አውሬ እያየ ያየውን መጻፍ ነበር። ሰው ይህን ሥራ ይለዋል፤ እኔ ጭቃውን ከሱሪው ሳጥብ የኖርኩት የምለውን እላለሁ። ግን አልክድም፣ ያላየውን አንዲት መስመር ጽፎ አያውቅም። የእሱ አውሬዎች አይናገሩም፣ ሰው አይመክሩም፤ ይራባሉ፣ ይፈራሉ፣ ይወልዳሉ። «ከራሴ ከጨመርኩማ የሚያነቡት እኔን ነው» ይል ነበር። በዚህ በዚህ ኩራቱ አይጣል ነው!

ጉጉቷ የምትኖረው አሮጌው ወፍጮ ቤት ጣራ ሥር ነበር። እሱ ሆዬ ወፍጮ ቤቱን ከነመንገዱ፣ መስኮቷን ሳይቀር ጻፈው። መጽሐፉ ተወደደና ሰው ሊያያት ተግተልትሎ ሄደ። ማን ክፉ አሰበ? ሁሉም ወዶ ነው የሄደው። ባትሪ እያበሩ፣ መስኮቱን እያንኳኩ መግቢያ መውጫ ሲያሳጧት ጎጆዋን ጥላ ጠፋች። ጫጩቶቿን ባሌ ደርቀው አገኛቸው። በመሀረብ ጠቅልሎ አምጥቶ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለኝ። መሀረቡን መልሼ ሸፈንኩባቸው።

ከዚያ ወዲህ ቦታ አልጻፈም። በኋላ አንዲት አንካሳ ቀበሮ ሲያገኝ ያሳያት ለእኔ ብቻ ነው። ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ በፈረሰው ምድጃ ውስጥ ወልዳ ነበር። በአጠገቡ ባለው የወንዝ ድልድይ ላይ ቆመን አየናት። ማዶ ያሉት ዶሮ አርቢዎች ቀበሮ አለች ከተባሉ መርዝ ለማስቀመጥ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ስለ እሷ የጻፈው መጽሐፍ ሲወጣ ታዲያ ጉድ ፈላ! «የት ነው ያለችው?» ባዩ በራችንን አላስዘጋ አለ። ባሌ አልናገርም ሲል ጊዜ ጋዜጣው «ፈጥሮ ነው» ብሎ ጻፈበት።

አሳታሚው ፎቶ አንሺ አስከትሎ ቤታችን መጣ።

«ጋሼ፣ አንዲት ፎቶ ብቻ! አፋቸውን እናስይዛቸው።»

«ፎቶውን ያየ ቦታውን ያውቀዋል» አለ ባሌ።

«እሺ፣ ለእኔ እንኳን ይንገሩኝ። አለች ወይስ የለችም?»

ባሌ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «የለችም» አለ። «ፈጥሬ ነው።»

አሳታሚው እንደወጣ እርር ድብን ብዬ ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ስምህን በገዛ እጅህ ትቀብራለህ? ለአንዲት አንካሳ ቀበሮ!»

«ስሜ የሚያጠባው ልጅ የለውም» አለኝ።

ስሙም ተቀበረ። ትምህርት ቤቶች መጽሐፎቹን ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ትናንት «ጉጉት» ያለው ሁሉ «ውሸታሙ» ይለው ጀመር። ከዚያ በኋላ ብዕሩን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠው ነበር። ዓመት ሳይሞላው የሳምባ በሽታ ይዞት ሞተ። ለቀብሩ የመጣው ሰው አንዲት ሳሎን አልሞላም። አንጀቴ አረረ! አሁንስ ማን ይከለክለኛል ብዬ፣ ጋዜጠኞቹን ጠርቼ ቀበሮዋን ላሳያቸው ቆረጥኩ። መኖሯን ላረጋግጥ ወደ ድልድዩ ሄድኩ።

አለች። ዘንድሮም ወልዳለች። ልክ ባሌ እንደጻፈው የፊት እግሯን አንጠልጥላ፣ ልጆቿን አስከትላ ወጣች፤ ትንሽ ፀሐይ ሞቃ ተመልሳ ገባች። ቆሜ አለቀስኩ።

ከዶሮ አርቢዎቹ አንዱ ሳይክሉን እየገፋ ሲያልፍ አወቀኝ።

«የዚያ የውሸታሙ ባለቤት አይደሉ እንዴ? ምነው እትዬ፣ ያችን ቀበሮ እየፈለጓት ነው?» ብሎ ሳቀ።

ስሙን የሚያነጻው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የለችም» አልኩት።

«ወይ ጉድ! እርስዎንም ሸውዶዎታላ!»

«አዎ» አልኩት፣ «እኔንም ሸውዶኛል።»