ጨለማው ክፍል የበላው መብራት

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከግቢያችን የወጣችው ሌላ በበላው መብራት ተከሳ ነው። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለው ግቢያችን ለሁላችንም አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። ማን ምን ያህል መብራት እንደሚበላ የምንፈርደው በአምፖል ነው፤ ከድሮም እንዲሁ ነው።

የልጅ ልጄ ተመራማሪ ናት። ቴዎድሮስ አደባባይ ካለው ቢሮዋ እስከ እኔ የኋላ ክፍል ድረስ በቀጭን የመስታወት ክር ብርሃን ትልካለች፤ ያውም ፍሬ በፍሬ። ኳንተም ይሉታል። ምስጢር ይላክበታል፤ መሐል ገብቶ የሰረቀ ይታወቅበታል። የእሷ ሥራ አንድ መልእክት ለመላክ ምን ምን እንደሚፈጅ መለካት ነው። ያችን አንዲት የብርሃን ፍሬ የሚቀበለው ዕቃ ጨለማና ብርድ ይፈልጋል። ስለዚህ አምፖሉን ፈታች፤ ማቀዝቀዣ ተከለች።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ስትተኩስ ብሬከሩ እየወረደ የግቢው መብራት ይጠፋ ጀመር። ጎረቤቶች ተሰብስበው ክፍል ለክፍል ዞሩ። የእኔን የኋላ ክፍል ከፍተው አዩ፤ ጨለማ ነው።

«እዚህማ አምፖልም የለ» አሉ።

«ይህ የሚያጉረመርመውስ?» አልኳቸው።

«ፍሪጅ ነዋ፣ እትዬ። ፍሪጅ መቼ ቆጥረን እናውቃለን?»

ልብስ ሰፊዋን ካውያሽን ነቅለሽ አስቀምጪ አሏት።

«በምን ልተኩስ? በትንፋሼ?» አለች። ማንም አልሳቀም።

የልጅ ልጄ ስትመጣ ጠየቅኳት። «ያንቺ ብርሃን ስንት ይበላል?»

«ምንም አይበላም፣ እማማ። ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ነው።»

«ማቀዝቀዣውስ?»

«እሱን ገና አልለካሁትም። መጀመሪያ ብርሃኑን ነው።»

«አንቺ የሠርግ ድግስ ስትቆጥሪ ሙሽራዋ የቀመሰችውን ብቻ ነው የምትቆጥሪው?»

«እለካዋለሁ» አለችኝ።

የልጅ ልጄ ገና ሳትለካው ልብስ ሰፊዋ ዕቃዋን ጫነች። ያልተተኮሰ ልብስ የሚረከብ ደንበኛ የለም። ደጄ ላይ ቆሜ ሲጭኑላት አየሁ። «ደህና ይሁኑ፣ እትዬ» አለችኝ። «ደህና ሁኚ» አልኳት። አላለቀስኩም። ገብቼ ተቀመጥኩ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።

በኋላ የልጅ ልጄ ለማቀዝቀዣው ለብቻው መለኪያ አስራ ለካችው። ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቤ ቆማ መልሱን ነገረችኝ።

«ብርሃኑ ምንም አልበላም፣ እማማ። የበላው ማቀዝቀዣው ነው። ካውያዋ ብቻዋን ብሬከሩን አታወርደውም ነበር።»