እናቴ የዋሸቻት ድመት

ድመቷ መጀመሪያ ውሸት ነበረች፤ ነፍስ የዘራችው በኋላ ነው።

የዋሸችው እናቴ ናት። ዘመኑ የደርግ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ እየታፈሰ የሚሄድበት ጊዜ ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ደብረ ታቦር፣ ከገበያው በላይ ባለችው የጭቃ ቤታችን ውስጥ የምንኖረው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነበርን፤ ለሰው የምንናገረው ግን ሁለት እንደሆንን ነው። ወንድሜ «ባሕር ዳር ሥራ ሊፈልግ ሄዷል» ተባለ እንጂ ጓዳችን ባለው ባዶ ጎታ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጎታው ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ የእህል ማስቀመጫ ነው። ከላይ ክዳን አለው፤ ከታች ደግሞ እህሉ የሚወርድበት፣ በጨርቅ የሚወተፍ ቀዳዳ። ወንድሜ ጨርቁን ላላ አድርጎ በዚያች ቀዳዳ ይተነፍስ ነበር። ጉና ሥር ወዳለው አጎታችን እንዳንልከው ከተማው መውጫ ላይ ኬላ አለ።

አጥር የምንጋራት ሴትዮ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። ድሮ ከእናቴ ጋር «አንቺ» ተባብለው፣ እሳት ተጫጭረው የኖሩ ናቸው። ከተሾመች ወዲህ ግን እናቴ በፍርሃት «አንቱ» ትላት ጀመር። ያስፈራን ሹመቷ ብቻ አይደለም። ኮታ ሲመጣ ሌሎቹ እናቶች እንዳያንገራግሩ ብላ መጀመሪያ የሰጠችው የራሷን ልጅ ነው፤ ያውም አንድ ልጇን። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የገዛ ልጇን የሰጠች የኔን ልትምር ነው?» ትል ነበር።

ይህችው ሴትዮ አንድ ቀን ለስብሰባ ልትጠራን መጥታ በራችን ላይ እንደ ቆመች፣ ጎታው ውስጥ የወንድሜ ጣሳ ወደቀ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«ድመት ናት» አለች እናቴ።

ድመት የለንም። ኖሮንም አያውቅም። እናቴ መዋሸት አትችልበትም፤ አንዴ ከጀመረች ግን ማቆምም አትችልበትም። «ትንሽዬ ናት፤ ገና አልለመደችም። ሰው ባየች ቁጥር ጓዳ ትወሸቃለች» ብላ ቀጠለች።

ሴትዮዋ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ጓዳው አየች። «ደግ አደረጋችሁ። የኔንም ቤት አይጥ ፈጅቶታል። ስትለምድ ታውሱኛላችሁ» ብላ ሄደች።

እናቴ በሩን ዘግታ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ቀና ብላ «በይ ተነሺ፣ ድመት ፈልጊ» አለችኝ። «ባዶ እጅሽን ከመጣሽ አለቀልን።»

በደኅናው ቀን ከየአጥሩ ሥር ብቅ የሚለው ድመት ሁሉ ያን ዕለት መሬት ዋጠው። ጎረቤት እንዳልጠይቅ «ድመት አለን» ብለናል። ስዞር ቆይቼ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሳማ መካከል የቀጠነ ጩኸት ሰማሁ። ዳለቻ ናት፤ በዝናብ በስብሳ እፍኝ አትሞላም። እናቷ የት እንደ ገባች እንጃ። እጄን ስሰድ ሳማው ለበለበኝ፣ እሷም ነከሰችኝ። እያለቀስኩ በቀሚሴ ጠቅልዬ ይዣት መጣሁ።

ቤት ገብቼ ብለቃት እንስራው ጀርባ ተወሸቀች። ወተት ብናቀርብላት አልቀመሰችም። እጅ ስንዘረጋ ጀርባዋን አጉብጣ «ፍፍፍ» ትላለች። እናቴ «ውሮ! ውሮ! ነይ እንጂ አንቺ ርኩስ!» እያለች ትጠራታለች፤ እንዲያ ብትጠራኝ እኔም አልወጣም።

ወንድሜ ጮክ ብሎ የሚናገረው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎረቤት ምንም አይሰማም፤ ያን ጊዜ ክዳኑን ገፋ አድርጎ አፍኖት የዋለውን ሳል ይስላል፣ ያወራል፣ ይስቃል። ሲያባራ ጸጥ ይላል፤ እኛም ጸጥ እንላለን። ሰው ዝናብ ሲያባራ ደስ ይለዋል፣ እኔ እስከ ዛሬ ልቤ ይርዳል።

በዚያን ቀን ዝናብ «አትዩአት» አለን ከጎታው ውስጥ። «የፈራ ነገር ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ይብስበታል። የተደበቀም ሲጠሩት አይወጣም። በሉ ወደኔ አምጧት።»

እናቴ በእንቅብ ደፍታ ያዘቻትና በጎታው አፍ አወረደቻት። ጩኸት ጠበቅን፤ ምንም የለም። በማግሥቱ «ጋቢዬ ሥር ናት። አልነካኋትም፣ አልነካችኝም። ዝም ተባብለን አደርን» አለ። ቀጥሎ ጣቱን ወተት እየነከረ ሳያያት ያስልሳት ጀመር። ጥቂት ቀን ቆይታ ሆዱ ላይ ወጥታ ተኛች፤ ጉሮሮዋ እንደ ሩቅ ወፍጮ ሲያጉረመርም በታችኛዋ ቀዳዳ ይሰማኝ ነበር። እኔም ከሱ አይቼ ስትወጣ ጀርባዬን ሰጥቻት መቀመጥ ለመድኩ። አንድ ቀን ቀዝቃዛ አፍንጫዋ ክርኔን ነካኝ። ዘወር ብዬ እንዳላያት ከንፈሬን ነከስኩ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጎረቤታችን በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ «ለመደች?» ትላለች።

«ገና ናት» ትላለች እናቴ።

ድመት ማግኘታችን ስለ ወንድሜ ለማውራት በጀን። «ድመቷ በላች?» ማለት እሱ በላ ወይ ማለት ነው። «ድመቷን ብርድ መታት» ማለት ሳሉ ጠንቷል ማለት ነው። ሆኖም እናቴ ናትና አንድ ቀን አጓጉል ተናገረች። ወንድሜ ታሞ ነበር። እሷ እሳት እያነደደች «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። ቀና ስንል ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ማነው ያልቀመሰው?»

«ድመቱ» አለች እናቴ፣ ፊቷ ዐመድ መስሎ።

«ድመቱ? ሴት ናት ስትሉ አልነበረም?»

«ኧረ ሴት ናት… አፌ ነው እንጂ…»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እግሬ ሥር የነበረችውን ድመት በማጅራቷ አነሳቻት። ጥፍሯን ብታወጣባትም አለቀቀቻትም፤ ጅራቷን ገልጣ አየች። እኔ መሳቅም አማረኝ፣ ሽንቴም ልታመልጠኝ ደረሰች። «ሴት ናት» አለችና አስቀምጣት ሄደች። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር የምታወራው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች፣ እንደገና ታወራለች።

ድመቷ ሙሉ በሙሉ ስትለምድ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የለመደችው ወንድሜን ነው። ከጎታው ስናወጣት ተመልሳ ከሥሩ ትቀመጣለች፤ የቀዳዳውን ጨርቅ በጥፍሯ እየጎተተች «አስገቡኝ» ብላ ትጮኻለች። ብንቆጣት፣ ብናባርራት ወደዚያው ናት። በገዛ ወተታችን የሚመሰክርብን አሳድገን አረፍነው።

ፍተሻው የመጣው ዝናቡ ገና እንዳባራ ነው። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ናቸው፤ አንዱ ጠመንጃ ይዟል፣ ከፊታቸው ሴትዮዋ አለች። አልጋ ሥር አዩ፣ ቆጡን አዩ። ጓዳ ሲገቡ ድመቷ በእግራቸው መካከል ሾልካ ሮጠችና ጎታው ሥር ቁጭ ብላ ጨርቁን መጎተት፣ መጮህ ጀመረች። እንድትሞት ተመኘሁ። እንዲያ የምወዳትን ድመት እዚያው ክልትው እንድትልልኝ ለመንኩ።

«ምን አለ እዚህ ውስጥ?» አለ ባለጠመንጃው።

«የዘር ገብስ» አለች እናቴ።

ሰውየው ጎታውን በሰደፍ ሊመታ ሲያነሳ ሴትዮዋ «ተው! የሰው ጎታ ልታፈርስ ነው? እኔ አየዋለሁ» አለችው። በርጩማ ስባ ወጣችበት። ክዳኑን አነሳች። ጎንበስ ብላ አየች፤ ቆየች። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ የምመለከተው የሴትዮዋን ተረከዝ ነበር፤ በርጩማው ላይ አልተነቃነቀም።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። «ገብስ ነው። አይጥ ገብቶበታል፤ ድመቷ አልተሳሳተችም።» ወርዳ ድመቷን ብድግ አደረገችና በነጠላዋ ጠቀለለቻት። «ለምዳለች፤ እወስዳታለሁ» ብላ ሰዎቹን አስከትላ ወጣች።

በሚቀጥለው ዝናብ ወንድሜ «ዓይን ለዓይን ተያየን» አለን። «አልደነገጠችም። እዚህ መሆኔን ታውቅ ነበር።»

ተርፈናል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ፍርሃታችን የባሰው ከዚያ ወዲያ ነው። በፊት እንዳታውቅ ነበር የምንፈራው፤ አሁን ታውቃለች። እናቴ «ዛሬ የዘጋችውን ነገ ትከፍተዋለች» እያለች የአጥሩ በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትባንናለች። ድመቷ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከች ትመጣለች፤ ሴትዮዋ ትከተልና ቃል ሳትናገር አንስታት ትመለሳለች። ያ ዝምታዋ ከጥያቄዋ ይልቅ አስጨነቀን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የልጇ መርዶ መጣ።

ሰፈሩ ሁሉ ተነስቶ አለቀሰ። እናቴ ደረቷን እየመታች ሄደች። ስትመለስ ጎታውን ተደግፋ «የሷ ሞቶ የኔ በሕይወት አለ። ይህን እንዴት ችላ ታየዋለች? ሰው አይደለችም እንዴ?» አለች። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር። ወንድሜ ከውስጥ ሁሉንም ይሰማል፤ «እጄን ልስጥ» አለን፣ እናቴ በጎታው አፍ እጇን ሰዳ አፉን ያዘችው።

ልቅሶው በረድ ካለ በኋላ አንድ ከሰዓት ሴትዮዋ በአጥሩ በር መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ጥቁር ለብሳለች። ድመቷ ከኋላዋ ትከተላታለች። እናቴ ተቀምጣ በነበረበት ቀረች። እኔ አብዮት ጥበቃዎቹ ይከተሏት እንደሆነ ብዬ ወደ አጥሩ አየሁ። ማንም የለም።

ከነጠላዋ ሥር ሳህን አወጣች። ልቅሶ ቤት ከመጣላት ምግብ ነው፤ ለአንድ ጎልማሳ የሚበቃ እንጀራ በወጥ።

«እኔስ አልወርድ አለኝ» አለች። «እንቺ ተቀበይኝ፤ ለድመቱ ነው።»

ሴቷ ድመት እግሯ ሥር ቁጭ ብላ መዳፏን ትልሳለች።

እናቴ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ነይ፣ ግቢ እህቴ» አለቻት። ጎታው አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሱ። ዝናብ አልነበረም። ከጎታው ውስጥ ሳል ተሰማ፤ ማናችንም ድመት ናት አላልንም።