አራት ቀዳዳ

አብነት ሰፈር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ሞልቷል፤ ልጁን አንዴ አይቶ የወገቡን ልክ የሚናገር ግን ከጎረቤቴ ከነጅማ ሌላ አላውቅም። ከስልጤ በአሥራ አራት ዓመቷ ስትመጣ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥርን የተማረችው ከሜትር ላይ ነው። ባሏ ሁመድ ሲሞት አንድ ልጇን አብዱልከሪምን በስፌት መኪናዋ አሳደገችው። አሁን ወታደር ነው፤ ስልክ በማይሠራበት ካምፕ።

ደብዳቤዎቹን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ግድግዳ የምንጋራ ጡረተኛ መምህር። ባለፈው ማክሰኞ ዋቅሹማ የሚባል ጓደኛው ፈቃድ ወጥቶ ሲያልፍ አንዱን ሰጣትና ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ሮጠ። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ይዛው መጣች።

«ቶሎ ይበሉ እንጂ ጋሼ! መነጽርዎን እስኪያገኙ ልጄ ጡረታ ይወጣል።»

በዓይኔ ቀድሜ አየሁት። ወባ ከጣለው ወር አልፎታል። ድንኳኑ ያፈሳል፤ መድኃኒት አልቋል፤ አጠገቡ የተኛው ልጅ ሞቷል። መጨረሻው ላይ፦ «እማ፣ ካምፑ አጠገብ ወዳለው ከተማ ሆስፒታል ሊወስዱን ነው። እስከ እሑድ እዚያ ነኝ፤ ከዚያ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። ከቻልሽ ነዪ።»

አምና ደም ግፊቷ ጥሏት ሦስት ቀን አፏ ተይዞ ነበር። ፈራሁ። እሱ ያልጻፈውን ከራሴ ጨመርኩ፦ «ከናፍቆትሽ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።»

ወባውን ዘለልኩ። የዚያን ልጅ ሞትና «ነዪ» ያለውን ዘለልኩ። አንድ ቀልድ አገኘሁና ምን ይጎዳል ብዬ አነበብኩላት፦ «ቀበቶዬ ላይ አራት ቀዳዳ በሚስማር ጨመርኩ፤ ብታዪኝ ሱሪዬን እንደ አዲስ ትሰፊው ነበር።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። ሜትሩን ከአንገቷ ሳበች።

«በቀዳዳና በቀዳዳ መሀል ሁለት ሳንቲ ተኩል ነው። አራቱ አሥር። ሲሄድ ወገቡ ሰባ ስድስት ነበር።» ስልሳ ስድስት ላይ ያዘችና ክብ ሠርታ ፊቴ ደቀነችው። «ይሄ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ወገብ ነው፣ ጋሼ። የኔ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ወታደር መክሳቱ መቼም...»

«ደህና ነኝ ብሎ ጽፏል?»

«ሰምተሽ የለም እንዴ?»

«በአላህ ይዤዎታለሁ! ጣትዎን ቃሉ ላይ ያድርጉልኝ።»

ጣቴ ወረቀቱ ላይ ማረፊያ አጣች። ሠላሳ ዓመት ስለ እውነት አስተምሬያለሁ፤ ሰው ምን ያህሉን እንደሚችል ግን ለክቼ አላውቅም፤ እገምት ነበር እንጂ። ከላይ ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል አነበብኩላት። ስለ ሞተው ልጅ ሳነብም የእሷ ዓይን ከከንፈሬ አልተነቀለም።

«እሑድ አለ? አምስት ቀን» አለች፤ በጣቷ ቆጥራ። አልወደቀችም። ቤቷ ገብታ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች፤ መቀስና ክር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ተመልሳ የእኔ በር ላይ ቆመች።

«ጫማዎን ያድርጉ። ሆስፒታል በር ላይ የሚነበብ ወረቀት አይጠፋም» አለችኝ። «ከእንግዲህ ግን ያለውን ብቻ ነው የሚያነቡልኝ።»