አጅዋንግ ወንዙ እስኪሞላ

አጅዋንግ በእንግሊዞቹ ዘመን የልብስ አጣቢያቸው ነበረች። ጋምቤላ ያኔ የንግድ ጣቢያቸው ናት፤ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣል፣ በጋ ወንዙ ይጎድልና ከተማው ያንቀላፋል። ነጮቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ክሪኬት የሚጫወቱት የመርከቡ ሰዎች መጥተው ሁለት ቡድን ሲሞላላቸው ብቻ ነበር። አጅዋንግ ነጭ ሱሪያቸውን እያሰጣች ታያቸዋለች። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት እየመታ፣ ከኋላው የተተከሉት ሦስት ዘንጎች እንዳይወድቁ ይከላከላል። አንድ ቀን እንጨቱን ብታነሳው ወጥ ሠሪያቸው ከእጇ ነጠቃት። «የወንዶች ነው» አላት። እሷም አመነችው፤ ያኔ የማያምን ማን ነበር?

እንግሊዞቹ ጣቢያውን አስረክበው ከሄዱ በኋላ የነጋዴውን ሁሉ ልብስ ታጥብ ነበር፣ የእኛንም ጭምር። እኔ ነሲባ በወንድሜ በሳኒ ሱቅ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሳኒ ከእንግሊዞቹ ጋር ለሚነግድ ግሪክ ሲሠራ እንግሊዝኛ ስለለመደ፣ አመሻሽ ላይ ሬዲዮኑን በረንዳ አውጥቶ ያዳምጣል። ድምፁ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል፤ ከባሮ ማዶ የሚጣራ ሰው ይመስላል።

በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አጅዋንግ የታጠበ ልብስ ይዛ እንደመጣች ሳኒ ሬዲዮኑን እየሰማ ሳቀ።

«የእንግሊዝ ሴቶች አውስትራሊያ ድረስ ሄደው ከአገሩ ሴቶች ጋር ክሪኬት ሊጫወቱ ነው» አለ።

አጅዋንግ ቁጭ አለች። «ሴቶች?»

«ሴቶች። አገር ለአገር።»

ከዚያ ወዲያ በየአመሻሹ መምጣት ጀመረች። ዜናው ሲገኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፣ አብዛኛውን ቀን ጭራሽ የለም፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። «ነጭ ለብሰው ሲሮጡ ይታየኛል። ነፋሱ ቀሚሳቸውን ይዞት» ትለኛለች። እኔም ሳላውቀው ይታየኝ ጀመር። ጨርቅ እየለካሁ ሐሳቤ ጥሎኝ ይሄዳል፤ ደንበኛ እስኪቆጣ ድረስ።

አንድ አመሻሽ፣ «የእነሱ ወንዝ አሁን ሞልቷል?» ብላ ጠየቀች። መርከብ ሳይመጣ ጨዋታ የሚኖር አይመስላትም። ሳኒ መቼም ቀልድ አያልፈውም።

«ጢም ብሎ ሞልቷል» አላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«እንግዲህ እኔም ኦፔኖ ሲሞላ፣ መርከቡ ሲመጣ እጫወታለሁ» አለች። ባሮን በአኙዋክኛ ኦፔኖ ነው የምትለው። «ነሲባ ትወረውርልኛለች።»

ሐምሌ ሩቅ ነው ብዬ እሺ አልኩ።

ሴቶቹ ሦስት ጊዜ ገጥመው ማንም ሳያሸንፍ ቀረ። «ላይሸናነፉ ያን ሁሉ ባሕር አቋረጡ» ብሎ ሳኒ ቀለደ። አጅዋንግ አልሳቀችም። «ተጫውተዋል አይደል» አለችው።

በጋውን የተሰበረ የታንኳ መቅዘፊያ አስጠርባ እንጨቱን አሠራች፣ ከእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ ጠቀለለች። ሐምሌ ገባ፣ ባሮ ሞላ። በየቀኑ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ስለነበር መርከብ ብርቅ ሆኗል፤ ያን ክረምት ጭራሽ አልመጣም። መስከረም አልፎ ውሃው መጉደል ሲጀምር፣ እንጨቱን ታቅፋ ዳር ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

ሳኒ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «አጅዋንግ፣ ዋሸሁሽ። ጨዋታው ወንዝም መርከብም አይፈልግም። ሜዳ ካለ በቃ። እነሱም በጠራራ ፀሐይ ነው የተጫወቱት።»

ብድግ አለች። በያዘችው እንጨት የምትለው መስሎኝ ነበር።

«ተነስ፣ ወርውር» አለችው።

ከወንዙ ዳር ሦስት ሸምበቆ ቆርጠን ሜዳው ላይ ተከልን። ሳኒ ወረወረ፣ ሳተች። ደገመ፣ ሳተች። በኋላ ግን መታችው፤ ኳሱ ከሳኒ ራስ በላይ አልፎ ሣሩ ውስጥ ገባ። ሳኒ አጨበጨበ፣ እኔ እልል አልኩ። አጅዋንግ እንጨቱን ተደግፋ ሜዳውን ዙሪያውን አየችው።

«በጋውን ሁሉ ባዶውን ነበር» አለች። «ስንት በጋ አለፈኝ።»